«በ13 ዓመቴ የዳረኝ አባቴ ዛሬ ቤቴ ነው»

ጤና ይስጥልኝ። 41 ዓመቴ ነው። ትውልዴ መንዝ ነው፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ።

አባቴ በ13 ዓመቴ ዳረኝ። ሰውዬውን ያየሁት የሠርጉ ዕለት ነው። እናቴ አልቅሳ ለምናው ነበር፣ አልሰማትም። በሁለተኛው ዓመት ጠፍቼ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ሰው ቤት ተቀጠርኩ። ማታ ማታ ተማርኩ። ከአባቴ ጋር ዳግመኛ የተያየነው እናቴ ስትሞት ለቅሶው ላይ ነው።

አሁን አርጅቷል። ዓይኑ ፈዟል። ታኅሣሥ ላይ ከደጅ ወድቆ ጎረቤት አግኝቶት ደወለልኝ። በሌሊት መኪና ተኮናትሬ ሄጄ አመጣሁት። ይኸው አራት ወሩ። ሁለት ወንድሞች አሉኝ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ መሐል ሜዳ። የመሐል ሜዳው የአባቴን መሬት ለእኩል ሰጥቶ ይበላል። «አንቺ ሴት ነሽ፣ ላንቺ ይቀላል» ይሉኛል።

አበላዋለሁ። አጥበዋለሁ። ግን አላወራውም። ባለፈው ሳምንት ማታ የ12 ዓመቷን ልጄን ድምፅ ሰምቶ «ይቺ ልጅ ደርሳለች እኮ፣ ሰው አልጠየቃትም?» አለኝ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩበት። ልጄም ሰማች።

ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። ልጆቹን «አባትህንና እናትህን አክብር» እያልኩ አስተምራለሁ። ከዚያ ማታ ወዲህ መቁረብ ፈራሁ። ለጻድቃኔ ማርያም ተስያለሁ፣ ሁለት ሳምንት ጠበል ልገባ አስቤ ነበር። እሳቸውን ለማን ትቼ እንደምሄድ ግን ጨነቀኝ። ብርድ አይችሉም። ይህ ትእዛዝ ለእኔም ነው ወይ?

*

እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያላየሁትን በሦስተኛው አየሁ። ከላይ እስከ ታች አባትሽን «እሱ» እያልሽ ነው የጻፍሽው። ዳረኝ፣ አልሰማትም፣ አርጅቷል። መጨረሻው ላይ ስትደርሺ ግን «እሳቸው» አልሽ። «ብርድ አይችሉም» አልሽ። አውቀሽ ያደረግሽው አይመስለኝም። መንዝ ያደገ ልጅ አባቱን አንቱ እያለ ነው የሚያድገው። ያ አንቱታ ከዚህ ሁሉ በኋላም ከውስጥሽ አልወጣም።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ፣ አዎ፣ ትእዛዙ ለአንቺም ነው። ግን ትእዛዙ ራሱ የሚለውና ሰዎች «ይላል» የሚሉሽ ነገር ይለያያል። ዛሬ ልጽፍልሽ የፈለግሁት ስለዚህ ነው።

አስቀድሜ የሆነብሽን በስሙ ልጥራው። በደል ነው። «ያኔ ባህሉ ነበር» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። በዚያው ዘመን እንኳ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመት ይል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ 18 አደረገው። ሕጉን እንኳ እንተወው። እናትሽ አልቅሰው ለምነዋል። እዚያው ቤት ውስጥ፣ በዚያው ባህል ያደጉ ሰው፣ ይህ ነገር ልክ አይደለም ብለው ነበር። አባትሽ ሰምተው አለፉ። ይህን መርሳት ከአንቺ አይጠበቅም። እግዚአብሔርም እርሺ አላለሽም።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። በግእዙ «አክብር አባከ ወእመከ» ይላል። እግዚአብሔርን ውደድ ተብሏል። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ተብሏል። ጌታችን ጠላትንም ውደዱ ብሏል። ወላጅ ጋ ሲደርስ ግን ኦሪት የመረጠችው ቃል «አክብር» ነው። በዕብራይስጡ ቃሉ «ካቤድ» ነው። የእኛው «ከበደ» የቅርብ ዘመድ ነው። አንድን ሰው ማክበር ክብደት መስጠት ነው፣ እንደ ቀላል ነገር አለመቁጠር። አባትሽ ከደጅ መውደቃቸው ሲሰማ ለወንድሞችሽ ነገሩ ቀለላቸው። ለአንቺ ግን ከበደሽ። በሌሊት መኪና ፈልገሽ ወጣሽ። ያን ሌሊት ትእዛዙን ፈጽመሻል። ልብሽ ውስጥ ፍቅር ፈልገሽ ስላጣሽ ብቻ ነው ያላወቅሽው።

ክርስቲያን አባቱን አይውደድ ማለቴ አይደለም። ፍቅሩ ይመጣ ይሆናል። ጥሪ ግን አያመጣውም፣ ቁጣም አያመጣውም። እጅ ግን ልብን ሳይጠብቅ ሥራውን መጀመር ይችላል። አንቺ አራት ወር ሙሉ ያደረግሽው ይህንን ነው። ግብዝነት ነው ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ዝምታውን ትንሽ ክፈቺው። ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለአንቺም ስል ነው። ዓይናቸው ፈዟል። ካላወራሽ ክፍሉ ውስጥ መኖርሽን እንኳ አያውቁም። ሳህኑን ስታቀርቢ «እንጀራው ከፊትዎ ነው፣ ወጡ በቀኝዎ በኩል ነው፣ ውሃው ከግድግዳው አጠገብ ነው» በያቸው። ስትወጪም «ወጣሁ» በይ። ይህ ሆድ ለሆድ መጫወት አይደለም። ሰው መሆናቸውን በድምፅ ማሳወቅ ነው። ከዚያ በላይ ማውራት ካልቻልሽ ለአሁን ይብቃሽ።

ስለ ልጅሽ የተናገሩት ነገር ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ። ደብዳቤውን ያጻፈሽ እሱ እንደሆነ ገብቶኛል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ «ልጆች ሆይ፥ ለወላጆቻችሁ በጌታ ታዘዙ» ይላል። «በጌታ» የምትለዋን ቃል ብዙ ሰባኪ ይዘላታል። መታዘዝ ዳርቻ እንዳለው የምታሳየው እሷ ናት። ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ አባቶችን ይጠራል፣ ልጆቻችሁን አታስቆጡ ይላል። ትእዛዙ በአንድ ወገን ብቻ የተጫነ ቀንበር አይደለም።

አባትሽን ማክበር አለብሽ። ልጅሽን በተመለከተ ግን የእሳቸው ቃል እቤትሽ ውስጥ ሥልጣን የለውም። በዚህ ላይ ሽማግሌም፣ ዘመድም፣ ወንድምም እንዲደራደርሽ አትፍቀጂ። ስለ ጩኸቱ ከፈለግሽ ይቅርታ ጠይቂ። እንዲህ ብለሽ፦ «አባባ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌብዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። የተናገርኩት ነገር ግን እንደዚያው ነው። ልጄ ትማራለች። ይህ ወሬ በዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሳም።» በአንቱታ የተነገረ እምቢታ እምቢታነቱ አይቀንስም።

ከዚያ ልጅሽን ለብቻዋ ቁጭ አድርጊያት። ሰምታለች። የ12 ዓመት ልጅ የሰማችውን ይዛ ነው የምትተኛው። አያቷ ለምን እንዲህ እንዳሉ፣ አንቺ ለምን እንደጮህሽ ንገሪያት። የአንቺን ታሪክ ሁሉን ባትነግሪያትም ልብሽ የፈቀደውን ያህል ንገሪያት። እናቷ ከኋላዋ እንደቆመች ትወቅ። ባልሽም ይህን በራሱ አፍ ቢነግራት ደግ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ላንሳ። ያደግሁት ሞላሌ አካባቢ ነው። አባቴ እኔ ከጥጃነት ጀምሬ ያሳደግሁትን ወይፈን ሳይጠይቁኝ ሸጡብኝ። ለወንድሜ ሠርግ ነበር። ከአንቺ በደል ጋር አላወዳድረውም። ያኔ ግን ልጅ ነበርኩ፣ ልቤ ተሰበረ። ተቀይሜ አዲስ አበባ ወረድኩ። ሰባት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ብቻ ተመለስኩ። በመጨረሻው ዓመት አባቴ በሰው በኩል «ብርዱ ጠናብኝ፣ የባና ብርድ ልብስ መግዣ ቢልክልኝ» ብለው ላኩብኝ። እልካለሁ አልኩ። ቆየሁ። መስከረም ላይ አረፉ።

ለአርባቸው በሬ ጣልኩ። ካህናቱ ፈቱ፣ አገሩ በላ። «አባቱን አከበረ» ብሎ ሰው መረቀኝ። ተዝካር ማውጣት መልካም ነው፣ የሙታን ጸሎትም አምናለሁ። ግን ያ ሁሉ ሰው ሲመርቀኝ እኔ የማስበው ባናውን ነበር። የበሬው ዋጋ ስንት ባና ይገዛ እንደነበር ለራሴ ስቆጥር አመሸሁ። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። አንቺ ከእኔ ቀድመሽ ደርሰሻል። አባትሽ በሕይወት እያሉ ነው ያነሳሻቸው።

ስለ ብርዱ ካነሳን፣ የመንዝ ሰው ብርድ ይችላል ይባላል። የሚችለው ምድጃ ዳር ሲሆን ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ያለ እሳት መዋል ለሽማግሌ አጥንት ከባድ ነው። ከእግራቸው ሥር አጎዛ ወይም ምንጣፍ አንጥፊ። ወፍራም ካልሲ ይኑራቸው። ከሰል አቀጣጥለሽ ግን ክፍሉን ዘግተሽ አትተይባቸው፣ ጭሱ ሳይታይ ይገድላል። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለው መንገድ ላይ ምንም ነገር አይኑር። አንዴ የወደቀ ሽማግሌ ሁለተኛ መውደቁ አይቀርም፣ መንገዱ ካልተጠረገ።

ዓይናቸውን ለሐኪም አሳይተሻል ወይ? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም። «አርጅተው ነው» ብሎ መተው የተለመደ ነው። የዓይን ሞራ ከሆነ ግን በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነገር ነው። በማዝ የተነሳ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይናቸውን እየፋቀ ከሆነም ሕክምና አለው። ግላኮማ ከሆነ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በመድኃኒት ማቆየት ይቻላል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የዓይን ሐኪም ነው። ካሰብኩት ሁሉ ለአባትሽ የምታደርጊው ትልቁ ክብር ይህ ይመስለኛል። ለአንቺም ይጠቅማል። ዓይኑ የበራለት ሰው ራሱ ይበላል፣ ራሱ ይወጣል፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ያንቺም ሸክም ይቀላል።

አሁን ወደ ወንድሞችሽ። «አንቺ ሴት ነሽ፣ ላንቺ ይቀላል» የሚሉትን ስሰማ ተናደድኩ። ይህ ከወንጌልም ከአገር ወግም የራቀ ነገር ነው። በእኛ አገር መሬት የሚበላ ልጅ ነው ወላጅ የሚጦረው። ከእኩሉ የሚመጣው እህል የአባትሽ እህል ነው። ሕጉም ቢሆን ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ መስጠት የልጆች ግዴታ ነው ይላል፣ ሴት ልጅ ብሎ ለይቶ አያውቅም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን ክዷል፣ ከማያምንም ይከፋል ይላል። ከዚህ የከበደ ቃል የት አለ?

ስለዚህ በስልክ መለማመጥ ይብቃሽ። ሁለት የሚሰሙ ሽማግሌዎች ምረጪ። አንዱ የአባትሽ የንስሐ አባት ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ ያገር ሰው ናቸውና የመሐል ሜዳው ወንድምሽ ያፍራቸዋል። ሁለቱንም ወንድሞችሽን ጥሪ። አራት ነገር በቁርጥ ይወሰን። ከመሬቱ የሚገኘው እህል ለአባትሽ ይምጣ። የአዲስ አበባው በየወሩ የሚልከው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ይታወቅ። የዓይን ሕክምናውን ወጪ ሦስታችሁ ተካፈሉ። በዓመት ውስጥ ደግሞ አባትሽ እነሱ ቤት የሚቆዩበት ጊዜ ይለይ። ይህን ስታደርጊ «አባቷን አላስቀምጥ አለች» የሚል ሐሜት ይነሣ ይሆናል። ይነሣ። አባት የጋራ ሲሆን ክብሩም የጋራ ነው።

ስእለትሽን አታስቀሪ። ጻድቃኔ ማርያም ሄደሽ ጠበሉን ተጠመቂ፣ አልቅሺ፣ ዕረፊም። አራት ወር ሙሉ ያለ ዕረፍት ቆይተሻል። ግን አባትሽን ለሠራተኛ ጥለሽ አትሂጂ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ ሰባት ጌታ ፈሪሳውያንን የወቀሰበት ነገር አለ። ለአባትና ለእናት የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እያሉ ወላጆቻቸውን ይከለክሉ ነበር። በሃይማኖት ስም ከወላጅ መሸሽ ማለት ነው። አንቺ እንዲህ አይደለሽም፣ ለማን ልተዋቸው ብለሽ መጨነቅሽ ራሱ ይመሰክርልሻል። መፍትሔው ቀላል ነው። ያን ሁለት ሳምንት የመሐል ሜዳው ወንድምሽ መጥቶ እቤትሽ ይሁን። አባቱን ይመግብ፣ ይጠብ፣ ሌሊት ይነሣ። ከዚያ በኋላ «ላንቺ ይቀላል» ይል እንደሆነ እናያለን።

ስለ መቁረቡ እኔ የምፈርድ ሰው አይደለሁም። ይህ የንስሐ አባትሽ ጉዳይ ነው። ስትሄጂ ግን «አባቴ ላይ ጮህኩ» ብለሽ ብቻ አትመለሺ። ከ13 ዓመትሽ ጀምረሽ ንገሪያቸው። ቁስሉን ሳያዩ መድኃኒት ቢያዙልሽ አይሠራም። ቂምና ቁስል ደግሞ ይለያያሉ። ቂም ያኛው ሰው ክፉ እንዲያገኘው ይመኛል። አንቺ አባትሽ በብርድ እንዳይጎዱ ነው የምትጨነቂው። ይቅርታ ጊዜ ይወስዳል። በአንድ ስግደት የሚያልቅላቸው ሰዎች አሉ፣ ዓመታት የሚወስድባቸውም አሉ። የንስሐ አባትሽ ያውቁታል።

አንድ ቀን የልብሽን ለአባትሽ መናገር ብትፈልጊ ተናገሪ። ማክበር ማለት ዝም ማለት አይደለም። ኖኅ ሰክሮ ራቁቱን በወደቀ ጊዜ ሴምና ያፌት ፊታቸውን አዙረው ልብስ አለበሱት። አባታቸውን አላዋረዱም፣ መውደቁ ግን አልተካደም። መጽሐፉ ጽፎ አስቀምጦታል። ሰው በሌለበት፣ ልጆቹ በተኙበት ሰዓት፣ ቡና አቅርበሽ «አባባ፣ የዳሩኝ ጊዜ ምን አስበው ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ምናልባት ይቆጣሉ። ምናልባት ያለቅሳሉ። አንዳንድ አባት ለልጁ «አጠፋሁ» የሚለውን ቃል ከአፉ አውጥቶ አያውቅም፣ በሌላ ነገር ነው የሚናገረው። «ቁርስ በላሽ ወይ» ይልሻል። ያን ከሰማሽ እንደ ይቅርታ ቁጠሪው አልልሽም፣ እሱን የምትመዝኚው አንቺ ነሽ። ምንም ባይሉሽም አንቺ ተናግረሻል። እናትሽ ያን ጊዜ የለመኑትን ነገር እሳቸው ፊት ዳግመኛ ያነሳ ሰው ተገኝቷል።

ሰንበት ትምህርት ቤት ለልጆቹ ይህን ትእዛዝ ማስተማሩን አታቋርጪ። ከእንግዲህ ስታስተምሪ ግን «በጌታ» የምትለዋን ቃል ጨምሪላቸው። ከፊትሽ ከሚቀመጡት ሴቶች ልጆች መካከል ያቺን ቃል የምትፈልግ አንዲት አትጠፋም።

እሑድ በባጃጅ ወስደሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ፀሐይ ላይ አስቀምጫቸው፣ ቅዳሴውን ይስሙ። ዓይኑ ለፈዘዘ የመንዝ ሽማግሌ ከዚያ የሚበልጥ ቀን ያለ አይመስለኝም። የሐኪሙን ቀጠሮ ስታገኚ ጻፊልኝ። ወንድሞችሽ ምን እንዳሉም ጻፊልኝ።